ሐረጓና ባለ አሥራ ሁለት ቋጠሮው ገመድ

ሐረጓ ቆማ አውቶቡስ መጠበቅ አይሆንላትም ነበር። አምስት ደቂቃ ከዘገየ ቦርሳዋን ታንጠለጥልና ወደሚቀጥለው ፌርማታ በእግሯ ትነሳለች። ብዙ ጊዜ ታዲያ በሁለቱ ፌርማታዎች መካከል ሳለች አውቶቡሱ ሽው ብሎ ያልፋታል። እኔ ከውስጥ ሆኜ በመስኮት አያታለሁ፤ እሷም ታየኛለች። አትስቅም፤ አውቶቡሱን የምትደርስበት ይመስል እርምጃዋን ብቻ ታፈጥናለች።

እንዲህ ስንመላለስ አንድ ዓመት አለፈን። ነገሩ የተጀመረው እስራኤል አገር፣ በፈረንጆቹ 1995 መገባደጃ ነው። ከኢትዮጵያ ለመጣን መምህራን ኮርስ ተከፍቶልን፣ በሳምንት ሦስት ቀን ኮሌጅ እንማራለን፤ ሰኞና ሐሙስ ደግሞ ናታንያ ከተማ ውስጥ በየተመደብንበት ትምህርት ቤት ገብተን እንለማመዳለን። እኔ ከአንደኛ ክፍል ሕፃናት ጋር ነበርሁ። ሐረጓ የደረሳት ሦስተኛ ክፍል ነው።

አገር ቤት ሳለች ከጎንደር ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቅ ትምህርት ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምራለች። በ1991 ግንቦት ከባሏ ከዘመነና ከሁለት ልጆቿ ጋር አውሮፕላኑ ውስጥ ስትገባ ዲፕሎማዋን በደረቷ ሸጉጣ ነበር። እዚህ ስትደርስ አንድ ጸሐፊ ወረቀቱን አገላብጦ አየና፣ ጥሩ ነው፣ ግን እንደገና መማር ይኖርብሻል አላት። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት በኡልፓን፣ በመጤዎች የቋንቋ ትምህርት ቤት፣ ዕብራይስጥ ስትማር፣ ቀጥሎም ከዘመነ ጋር ብርቱካን ማሸጊያ ውስጥ ስትሠራ አለፈ። ኮርሱ ሲከፈት ከሁላችን ቀድማ የተመዘገበች እሷ ናት። ምዝገባው ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው ሄዳ ደጁን አንኳኩታ ነው አሉ።

የሦስተኛ ክፍል መምህርት ሳሪት ትባላለች፤ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ፈጣን፣ ሁልጊዜ ድምፅዋ የሰለለ ሴት ናት። ክፍሏ ውስጥ ሠላሳ ሁለት ልጆች አሉ፤ ሰባቱ የእኛ፣ የኢትዮጵያውያን ልጆች ናቸው። ሐረጓ በገባች በመጀመሪያው ቀን ሳሪት እነዚያን ሰባቱን ቆጥራ አስረከበቻትና፣

«ወደ ሚቅላት ይዘሻቸው ውረጂ። በሒሳብ አጠናክሪልኝ፤ አሁን የምንማረው ቅርጾችን ነው» አለቻት።

ሚቅላቱ ለጦርነት ጊዜ ከትምህርት ቤቱ ሥር የተሠራ መሸሸጊያ ነው። መስኮት የለውም። ግድግዳው ላይ ዓሣዎች ተስለውበታል፤ አምፖሉ አንድ ነው። ልጆቹ ደረጃውን ሲወርዱ አንገታቸውን ደፍተው ነበር፤ ሌሎቹ ከላይ ሆነው ያዩዋቸዋል። ከሰባቱ መካከል አቪጋይል የምትባል፣ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ገና የበቀሉ ልጅ አለች። እንደተቀመጡ እጇን አወጣች።

«ሞራ፣ እኛ ብቻ ለምን?» አለች፤ ሞራ በዕብራይስጥ መምህርት ማለት ነው።

ሐረጓ ወረቀቶቿን አነሣች። «ተነሡ» አለች። «መቀመጥ የለም።»

ለእያንዳንዳቸው ጫፉ እንደነገሩ የተቀደደ ወረቀት አደለቻቸው። አንዴ እጠፉት አለቻቸው። ከዚያ የታጠፈውን ጠርዝ በራሱ ላይ ደርባችሁ ድጋሚ እጠፉት። ወረቀቱ የፈለገውን ያህል የተጣመመ ቢሆን፣ ሁለተኛው እጥፋት ላይ ሁልጊዜ ቀጥ ያለ ማዕዘን ይወጣል። ልጆቹ የሰባቱንም ደራርበው አዩት፤ ልክ ለልክ ነው። «በሉ እንግዲህ፣ ይህን ይዛችሁ ማዕዘን ፈልጉ» ብላ ለቀቀቻቸው።

ሚቅላቱን ጨርሰው ወደ ኮሪደሩ ወጡ። የበሩን፣ የመስኮቱን፣ የደብተሩን፣ የወለሉን ንጣፍ ማዕዘን ወረቀታቸውን እያስጠጉ ለኩ። የሚቅላቱ በር መቃን ጠማማ ሆኖ ተገኘ። ኤሊያድ የሚባለው ልጅ የቁርስ ዳቦውን ለክቶ «ይሄ ዋሽቷል!» ብሎ ጮኸ። ሐረጓ ይህን በአውቶቡስ ስትነግረኝ መቀመጫዋ ላይ አልረጋ ብላ፣ ከፊታችን የተቀመጡትን ሽማግሌ ወንበር በጉልበቷ ስትመታ ሁለት ጊዜ ዞረው አዩን።

በሦስተኛው ሳምንት ከላይ ያሉት ልጆች መቅናት ጀመሩ። ሺሪ የምትባል የሳሪት ተማሪ አንድ ቀን ሳትጠራ ወርዳ በሩ ላይ ቆማ ስታይ ተገኘች። ሐረጓም ግቢ አለቻት፤ ወረቀትም ሰጠቻት።

እንደዚህ እያለ ጥር ላይ ፈተና መጣ።

ፈተናው ላይ አንድ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ ከታች ካሉት ስድስት ቅርጾች መካከል መልቤን የሆኑትን ሁሉ ቀለም ቀቡ። መልቤን ማለት እኛ በአማርኛው መጽሐፍ ሬክታንግል የምንለው ነው፤ አራት ጎን ያለው፣ አራቱም ማዕዘኖቹ ቀጥ ያሉ። ከስድስቱ አንዱ ካሬ ነው፤ በዕብራይስጥ ሪቡዓ ይባላል። የሚቅላቱ ሰባት ልጆች በሙሉ ካሬውንም ቀቡት። ከላይ ካሉት ሃያ አምስት ልጆች አንድም የቀባው የለም። ሳሪት የሰባቱንም ልጆች ካሬ በቀይ ሰረዘችው።

ሰኞ ጠዋት ሐረጓን መምህራን ክፍል ውስጥ አገኘቻት።

«ሰባቱም አንድ ዓይነት ስህተት ነው የሠሩት» አለቻት። «ወይ ተኮራርጀዋል፣ ወይ አልገባቸውም። ሐሙስ እንደገና ከልሺላቸው። ሪቡዓ ሪቡዓ ነው፣ መልቤን መልቤን ነው በያቸው።»

ሐረጓ አፏን ከፈተች፤ ዕብራይስጡ ግን አልመጣላትም። ሳሪት ደግሞ አትጠብቅም፤ ደወሉ ሲደወል ወጥታ ሄደች።

በዚያ ቀን ሐረጓ በቀጥታ ወደ ቤቷ አልገባችም። ከትምህርት ቤቱ ወጥታ እስከ ከተማው አደባባይ፣ እስከ ኪካሩ ሄደች። ሰዎች ቡናቸውን ይዘው የተቀመጡበትን አደባባይ አቋርጣ ወደ ባሕሩ ገደል አፋፍ ወጣች፤ ከዚያ ባሕሩን በቀኝ እጇ አድርጋ ወደ ደቡብ ቀጠለች። ዝናብ ያካፋል። ቤቶቹ አልቀው አሸዋና ቁጥቋጦ ብቻ እስኪሆን ድረስ ሄደች። ከዚያ ዞራ ተመለሰች። ቤት ስትደርስ ዘመነ ልጆቹን ምሳ አብልቶ፣ እሱ ራሱ ለከሰዓት ፈረቃ ጫማውን እያሰረ ነበር።

«የት ነበርሽ?»

«ባሕሩ ዳር። ዘመነ፣ ልጆቹ እኮ ትክክል ናቸው።»

ነገሩን አንድ በአንድ ነገረችው። እሱ የአንድ እግሩን ጫማ አስሮ ሌላውን በእጁ እንደያዘ አዳመጣት።

«የዚች ሴትዮ ግምገማ ነው የምስክር ወረቀትሽን ግማሽ የሚወስነው አላልሽኝም?»

«ብያለሁ።»

«እንግዲያው ወረቀትሽን እስክትይዢ ነገሩን ተይው። ከዚያ ወዲያ የፈለግሽውን አስተምሪ።»

«እስከዚያ ውሸት ላስተምራቸው?»

«ዝም በይ አልሁ እንጂ ዋሺ መች አልሁ?»

እኔም ከዘመነ የተሻለ ምክር አልነበረኝም። ማክሰኞ ኮሌጅ ስንገናኝ «ሐረግዬ፣ ሁለት ወር ብቻ ታገሺ» አልኋት። ዛሬ ሳስበው ደስ አይለኝም፤ ያን ጊዜ ግን የተናገርሁት ከልቤ ነበር። እሷ ሙሉ ትምህርቱን እስክሪብቶዋን ጠቅ፣ ጠቅ ስታደርግ ዋለች፤ አስተማሪው እስኪቆጣት ድረስ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በሯ ተንኳኳ። የአቪጋይል እናት ፈንታነሽ ነበረች፤ ከሦስት ሕንፃ ወዲያ ነው የምትኖረው። የልጇን የፈተና ወረቀት እንደ ደብዳቤ አጥፋ ይዛለች። ዕብራይስጥ ማንበብ አትችልም።

«እትዬ፣ ይህን አንብቡልኝ» አለች ገና ቆማ ሳለች። «ልጅቱ ከሰኞ ጀምራ ታለቅሳለች። ምን ብለው እንደጻፉባት አትነግረኝም።»

ሐረጓ ወረቀቱን ዘረጋችው። «ደኅና ሠርታለች። አንዱን ብቻ ነው የሰረዙባት።»

«ይህ ቀዩ ነው?»

«አዎ።»

«ተሳስታ ነው?»

ሐረጓ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ መልሳ አነሣችው። «አልተሳሳተችም።»

ፈንታነሽ ግራ ገባት። «ታዲያ ቀዩ ምንድን ነው? ያስተማራችኋት አንቱ አይደላችሁም እንዴ? ለሴትዮዋ አትነግሯትም?»

ሐረጓ ምን እንደመለሰች አታስታውስም። ፈንታነሽ ስትሄድ ግን ወደ ሰገነቱ ወጥታ የልብስ ማስጫውን ገመድ ፈታች። እርጥቡን ልብስ ወንበሮቹ ላይ በትና፣ ገመዱን በክንዷ እየለካች አሥራ ሁለት ቋጠሮ ቋጠረችበት፤ ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ አንድ ክንድ። ሁለቱን ጫፍ አገናኝታ አሰረችው።

ሐሙስ ልጆቹ ሚቅላት ውስጥ ጠበቋት። አቪጋይል ናት የጠየቀችው።

«ሞራ፣ ሪቡዓ መልቤን መሆኑን አቆመ?»

«ኑ፣ ውጡ» አለች ሐረጓ። «እኛው እንየው።»

ግቢው ዝናብ አባርቶ ንጣፉ ላይ ውኃ ተኝቶበታል። አራቱን ልጆች በማዕዘን አቆመቻቸው፤ ገመዱን ያዙ። ሦስቱ የታጠፈች ወረቀታቸውን ይዘው ማዕዘን ጠባቂ ሆኑ። በመጀመሪያ ገመዱ በአንድ በኩል አምስት ክንድ፣ በሌላው አንድ ክንድ ሆነ፤ ቀጭን ረጅም። ጠባቂዎቹ እየዞሩ ለኩ።

«ማዕዘኖቹ ቀጥ ብለዋል?»

«ብለዋል!»

«መልቤን ነው?»

«ነው!»

አንድ ቋጠሮ አሳለፉ። አራት በሁለት ሆነ። እንደገና ለኩ፤ መልቤን ነው። በዚህ መካከል የዕረፍት ደወል ተደወለና ግቢው በልጆች ሞላ። ሺሪ ሮጣ መጣች፤ ከኋላዋ የክፍሏ ልጆች በሙሉ። ምን እየተጫወታችሁ ነው እያሉ ከበቧቸው። ሐረጓ አላቆመችም። «አሁን አንድ ቋጠሮ ጨምሩ!» አለች። ሦስት በሦስት ሆነ።

«ሪቡዓ!» ብለው ጮኹ የከበቡት።

«ማዕዘኖቹስ?»

ጠባቂዎቹ ለኩ። «ቀጥ ብለዋል!»

«በሉ ቀጥሉ!» ሁለት በአራት ሆነ፣ ከዚያ አንድ በአምስት። ገመዱ ወደ ሌላው አቅጣጫ ረዘመ። በእያንዳንዱ ላይ ልጆቹ መልቤን፣ መልቤን እያሉ ይጮኻሉ። ሐረጓ እጇን አነሣች።

«ንገሩኝ። ስንጀምር መልቤን ነበር። ስንጨርስም መልቤን ነው። በየትኛው ቋጠሮ ላይ ነው መልቤን መሆኑን ያቆመው?»

ሺሪ «በሦስት በሦስቱ...» ብላ ጀመረችና ተወችው። ከማዕዘኑ ላይ ገመዱን የያዘችው አቪጋይል «አላቆመም!» አለች። «እኩል ሆነ እንጂ አላቆመም!»

ሐረጓ ቀና ስትል ሳሪት የልጆቹ ክበብ ጀርባ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች ሐረጓ አታውቅም።

«ሁላችሁም ወደ ክፍል» አለች ሳሪት። ድምፅዋ ከወትሮው ዝቅ ያለ ነበር።

መምህራን ክፍል ውስጥ በሩን ዘጋችው። «በተማሪዎቼ ፊት ልታሳንሺኝ ፈለግሽ?»

«አንቺ እንዳለሽ አላወቅሁም። ልጆቹ ጠየቁኝ። የተሰረዘው ትክክል ነው ልላቸው አልቻልሁም።»

«ለእኔ መንገር አትችዪም ነበር?»

እውነት ነው፣ ሐረጓ ሰኞ ለት ኮሪደር ድረስ ተከትላት ልትነግራት ትችል ነበር። «ዕብራይስጡ አልመጣልኝም» አለች። «ሲመጣልኝ ሄደሻል።»

ሳሪት የመምህሩን መምሪያ ከመደርደሪያው ስባ ገጹን ፈለገች። ቆማ አነበበችው። ከዚያ መጽሐፉን ዘግታ ወጣች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰባቱ ልጆች ወደ ሚቅላት አልወረዱም። ሐረጓም ልጅ አልተሰጣትም። ሰኞና ሐሙስ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ ተቀምጣ ወረቀት ታባዛ ነበር። ለሌላ ሰው ዕረፍት ይሆን ነበር፤ ለእሷ ግን ከዚያ የባሰ ቅጣት አልነበረም። ማሽኑ እየሠራ በክፍሉ ዙሪያ ትራመዳለች። ጸሐፊዋ አንድ ቀን «ቁጭ በይ እንጂ፣ አዞርሽኝ እኮ» አለቻት። በአውቶቡስ ስንሄድ ከእኔ ጋር እንኳ መነጋገር ተወች፤ ትኬቷን በጣቷ አጥፋ፣ አጥፋ ቁራጭ ታደርገዋለች።

በሦስተኛው ሳምንት ፎቶ ኮፒው አጠገብ ሳለች አቪጋይል ሮጣ ገባች። የፈተና ወረቀቷን ይዛለች። በቀዩ ጎን በሰማያዊ እስክሪብቶ ትክክል የሚል ምልክት ተደርጎበታል፤ ውጤቱም ተስተካክሏል።

«ሞራ ሳሪት ለሁላችንም እኔ ነኝ የተሳሳትሁት አለች» አለቻት እየተንጠራራች። «ከዚያ ሌሎቹ፣ እንግዲያው እኛ ነና የተሳሳትነው ብለው ጮኹ። የእናንተን አልቀንስም አለቻቸው።»

ሳሪት ግን ለሐረጓ አንድም ቃል አልተናገረችም።

መጋቢት ላይ ተቆጣጣሪዋ መጣች። እያንዳንዳችን በተቆጣጣሪ ፊት አንድ ትምህርት ማስተማር ነበረብን። ለሐረጓ የተሰጣት ሙሉው ክፍል ነው፤ ሠላሳ ሁለቱም። ስትሮና ክር አመጣች። ልጆቹ ክሩን በሦስት ስትሮዎች ውስጥ አሳልፈው ሦስት ማዕዘን ሠሩ፤ ገፉት፣ ጨመቁት፣ አልነቃነቅ አለ። በአራት ስትሮ ካሬ ሠሩ፤ ገና ሲነኩት ጎበጠና ወደ አንድ ጎን ተኛ። ሳቁ፣ ጮኹ። እስከዚህ ደኅና ነበር። «ይህ እንዳይተኛ ምን እናድርግለት?» ብላ ጠየቀች። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን አንድ ስትሮ ማሰር ነው፤ ግን የዚያ መስመር ስም ጠፋት። በአማርኛ ታውቀዋለች፣ በእንግሊዝኛም፤ በዕብራይስጥ ግን ከጭንቅላቷ ብን ብሎ ጠፋ። በእጇ አየር ላይ ሠራችው፣ ሰሌዳው ላይ ሳለችው፣ «ይህ... ይህ...» አለች። ክፍሉ መንሾካሾክ ጀመረ።

«አላክሶን!» አለች ሺሪ ከወንበሯ ብድግ ብላ።

«አላክሶን» አለች ሐረጓ። ፊቷ በላብ ርሷል። ከዚያ በኋላ ክፍሉን መልሳ መያዝ አልቻለችም። ስትሮው ወለል ላይ ተበተነ፣ አንድ ልጅ ክር ከጓደኛው ጣት ላይ ቋጠረ፤ ማጠቃለያው ሳይደርስ ደወሉ ተደወለ።

ተቆጣጣሪዋ ወረቀቷን ሞልታ ወጣች። ሐረጓ ተንበርክካ ስትሮውን ስትለቅም ሳሪት መጥታ አጠገቧ ተንበረከከች። አብረው ለቀሙ።

«ግምገማዬን ባለፈው ሳምንት ልኬዋለሁ» አለች ሳሪት። «ያየሁትን ነው የጻፍሁት። ስጽፈው ግን ተናድጄ ነበር፤ ያንንም እወቂው።»

«ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

«ሒሳቡን ከእኔ በተሻለ ታውቃለች። ዕብራይስጥ ይጎድላታል። አትታዘዝም።» ጥቂት ስትሮዎች ለቀመች። «የሚቀጥለው ዓመት እኔ ክፍል ውስጥ ብትሆን እፈልጋለሁ ብዬም ጽፌያለሁ።»

ደብዳቤው ከፋሲካ በፊት ደረሰ። አላለፈችም። የዕውቀት ነጥቧ ከኮርሱ ሁሉ በላይ ነው፤ የቋንቋና የክፍል አያያዝ ነጥቧ ግን ዝቅ ብሏል፤ ከስምንት ወር በኋላ ድጋሚ ትፈተን ይላል። እኔ ያን ጊዜ አለፍሁ። እሷን ለማጽናናት ቤቷ ስሄድ ያገኘኋት ግድግዳ ስትቀባ ነው። ዘመነ በሩ ላይ ተቀብሎኝ፣ «የሺአረግ፣ ግቢ፤ ግን አትደገፊ፣ ሁሉም እርጥብ ነው» አለኝ። አላለቀሰችም። ብሩሹን ይዛ ስለ ደብዳቤው ትናገራለች፣ ትቀባለች፣ ደግሞ ቃል ጠፍቷት ትቆማለች። «በጠፋችኝ አንዲት ቃል ነው» አለችኝ። «አንዲት ቃል!»

ሳሪት ያለችውን አደረገች፤ ሐረጓ በሚቀጥለው ዓመት እሷው ክፍል ተመደበች። ጓደኛሞች ሆኑ ለማለት አልደፍርም። ይጨቃጨቁ ነበር፤ ሐረጓ ወንበሮቹን ትገፋለች፣ ሳሪት ትመልሳለች። ወደ ሚቅላቱ ግን የእኛ ልጆች ብቻቸውን መውረዳቸው ቀረ፤ ሲወርዱ ግማሹ ክፍል አብሮ ይወርዳል፣ በተራ። ሐረጓ የቅርጾቹን ስም ሁሉ በዕብራይስጥ ጽፋ በወጥ ቤቷ መደርደሪያ፣ በመታጠቢያ ቤቱ መስታወት፣ በዘመነ የምሳ ዕቃ ላይ ሳይቀር ለጠፈች። በ1997 ጥር በሁለተኛው ፈተና አለፈች።

መስከረም ላይ ሌላ ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ሰጣት፤ ግማሽ የሥራ ሰዓት። እኔም እዚያው ነበርሁና ያን ጠዋት አይቻታለሁ። ገና ልጆቹ ቦርሳቸውን ሳያወርዱ ጠረጴዛዎቹን ሁሉ ወደ ግድግዳ አስገፋቻቸው። ጩኸቱ እስከ ምድር ቤት ተሰማ። ርእሰ መምህርቷ ከቢሮዋ መጣች።

«መምህርት ሐረጓ፣ ምን ተፈጠረ?»

«ምንም። ወለሉን ፈልጌው ነው።»

ርእሰ መምህርቷ ግድግዳ ሥር የተቆለሉትን ጠረጴዛዎች፣ መሀል ላይ የቆሙትን ሠላሳ ልጆች አየች። ሐረጓ ጠመኔ አውጥታ ጎንበስ አለችና ወለሉ ላይ የመጀመሪያውን መስመር መሳል ጀመረች።